ሞፈር የማይገባበት አጸድ

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 11

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የፋሲል መዋኛ በር ገና አልተከፈተም ነበር። ዘበኛው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጥምቀት እኮ ገና ነው ልጄ። አሁን ውኃ የለውም» አሉኝ።

ውኃ የሌለውን ለማየት ነው የመጣነው ስላቸው ሰባቱን ባልንጀሮቼን አንድ በአንድ አዩና፣ ምንም ሳይሉ ቁልፉን ፍለጋ ኪሳቸውን ይዳብሱ ጀመር።

እውነቴን ነው። እዚህ ቦታ በጥምቀት ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ። አይቼዋለሁ ግን አልልም፤ ያየሁት የሰው ጀርባ፣ ጃንጥላና የሚረጭ ውኃ ነው። ዛሬ ገንዳው ደረቅ ነው። ወለሉ ላይ ያለፈው ክረምት ደለል ተሰነጣጥቆ ቀርቷል፤ ሁለት ፎቅ ያለው ግንብ ቅስቶቹን ገንዳው ውስጥ ተክሎ፣ ያለ ውኃው እግሩ እንደተገለጠ ሰው ትንሽ ያፈረ ይመስላል። ውኃው የሚመጣው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ነው። በየዓመቱ ከጥምቀት በፊት ቀስ እያለ ገንዳውን ይሞላዋል፤ በዓሉ ካለፈ ይለቀቃል። ማን እንዳሠራው ስንጠይቅ ብዙው ሰው ስሙን ተከትሎ ዐፄ ፋሲል ይላል፤ እኒህ ንጉሥ እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ነግሠዋል። ለልጅ ልጃቸው ለቀዳማዊ ኢያሱ የሚሰጡትም የታሪክ ሰዎች አሉ። እኔን ያመጣኝ ግን ግንበኛው አይደለም፤ ዛፉ ነው።

የመጣንበትን ጉዳይ እዚህ ላይ ልናገር። ከስምንታችን ሁለቱ አርክቴክቶች ናቸው፤ አንዱ የዕፅዋት መምህር ነው፤ የቀረነው ወሬ ወዳዶች ነን። የድሮ አጸዶችን በእግር እየዞሩ ማየት፣ ማታ ማታ ደግሞ ያዩትን መከራከር ነው ዓላማችን። አጸድ የሚለውን ቃል ዛሬ ከልጆች ትምህርት ቤት ስም ሌላ የምናነሣው እምብዛም ነው። በግዕዝ ግን ቅጥር ግቢውም፣ የታጠረው ስፍራም፣ የወይን ቦታውም አጸድ ይባላል። አበባው ሳይመጣ አጥሩ መጥቷል ማለት ነው። ይህን ያነሣችው አንዷ አርክቴክት ናት፤ ስታነሣው ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የመዋኛው ቅጥር ግንብ ላይ ትልልቅ ዛፎች ተቀምጠዋል። በቅለዋል አላልኩም፤ ተቀምጠዋል። ሥራቸው እንደ ቀለጠ ሰም በድንጋዩ ላይ ወርዶ፣ በየስንጥቁ ገብቶ፣ እንደገና ወጥቶ መሬት ይነካል። ዘበኛው ዋርካ ነው አሉ። የዕፅዋት መምህሩ ቅጠሉን ገልብጦ አየና ከሾላ ወገን ነው ብሎ ተከራከረ። ዋርካና ሾላ የአንድ ወገን ልጆች ስለሆኑ ክርክሩ ብዙ አላስኬደም። የሁለቱም ፍሬ የወፍ ምግብ ነው። ወፏ በልታ ግንብ ላይ ታርፋለች፤ ዘሩ ከኩሷ ጋር ስንጥቅ ውስጥ ይወድቃል፤ በኖራው እርጥበት ይበቅልና አፈር ፍለጋ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። አትክልተኛዋ ወፍ ናት።

ወፏ የጀመረችውን የሚጨርሱት ደግሞ ዘበኛው ናቸው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ግንቡን ዞረው ከስንጥቁ ብቅ ያለውን ችግኝ በቢላዋ ይነቅሉታል።

«ትልቁንስ?» አልኳቸው።

«ትልቁን ማን ይደፍራል? እሱን ካወጣሽው ግንቡም አብሮ ይወጣል።»

ከዚህ ወዲያ ሁለቱ አርክቴክቶች ተጣሉ። አንዱ ሥሩ እየወፈረ ድንጋዩን ይፈነቅለዋል፣ ካልተቆረጠ ግንቡ ያልቃል አለ። ሌላዋ ደግሞ አሁን ድንጋዩን የያዘው ኖራው ሳይሆን ሥሩ ነው፣ ከሞተና ከበሰበሰ ባዶ ጉድጓድ ነው የሚተርፈን አለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። ለእኔ የተገለጠልኝ ሌላ ነገር ነው። እኒህ ጋቢ የለበሱ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ በቢላዋቸው የሚወስኑት ውሳኔ፣ ይህ ይነቀል ይህ ይቅር የሚሉት፣ የአትክልተኛ ሙያ ነው። ስማቸው በምንም ጽሑፍ ላይ የለም። እሳቸውም ራሳቸውን አትክልተኛ አይሉም፤ ዘበኛ ነኝ ነው የሚሉት።

ከመዋኛው ራቅ ብሎ ባለ ጉልላት ትንሽ ክብ ቤት አለች። የፋሲል ፈረስ መቃብር ናት ይባላል። ለፈረሱ ይህን ያህል ካሰቡ፣ ቦዩን ለቆፈሩት ምን አስበው ይሆን? ይህን የጠየቀው መምህሩ ነው፤ የመለሰለት የለም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፋሲል ግቢ ወጣን። ስለ ቤተ መንግሥቶቹ ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መዝገብ ገብተዋል፤ በዙሪያቸው 900 ሜትር ገደማ የሚሆን ግንብ አለ። በግንቦቹ መካከል የሚታየው ግን የታጨደ ሣር ነው። መምህራችን ሣሩ መሐል ቆሞ ረዘም ያለ ንግግር አደረገልን፤ የጉዞው ትልቁ ትምህርት ይኼ ነበር። ከተማው ውስጥ ያየነው ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ በየአጥሩ ላይ የሚንጠለጠለው ቡገንቪላም እንደዚያው። ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። ዐፄ ፋሲል ዛሬ ቢነሡ ግንቡን ያውቁታል፤ ከዛፎቹ ግማሹን ግን «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ንግግሩ አሳመነኝ፤ ግን ትንሽ አስከፋኝም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ግንቦቹን ሲጠግኑ የለጠፉት ሲሚንቶ ስሕተት ነው ተብሎ ኋላ ተነሥቷል፤ በቦታው ኖራ ገብቷል። ለድንጋዩ ይህን ያህል ጥንቃቄ ተደርጎለታል። ሣሩ ግን ለምን ሣር ሆነ ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስልም። ነገሥታቱ ድንኳን የሚተክሉበት፣ ፈረስ የሚያስሩበት፣ ግብር የሚያበሉበት ሜዳ ነበር። ዛሬ የሠርግ ፎቶ መነሻ ሆኗል፤ እኔም እንደ ሰው ተነሥቻለሁ።

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 12

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ቶሎ አየን፤ ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት ሰውን ሁሉ ቀና ስለሚያስደርጉት ቅጥሩን የሚያይ የለም። እኛ ቅጥሩን ዞርን። አሥራ ሁለት ክብ ግንቦች አሉት፤ ለአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ነው ይላሉ። ውስጡ ጥድና ወይራ ነው፤ ውጭው ቤትና መንገድ።

ከዚያ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ዐፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ፤ አገሩን የያዙት እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የነገሥታቱ ግቢ በእጃቸው ነበር። እሳቸው ግን ከተማውን ወደ ኋላ ትተው ኮረብታ መረጡ፤ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ ለራሳቸውም አዳራሽና ማረፊያ ሠሩ። ስሙንም ቅድስት ማርያም ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት ከግብፁ ከቁስቋም ተራራ አመጡት። ዛሬ ፍርስራሹ መካከል ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው ለምን እዚህ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ጎንደር በሙሉ ከእግርህ ሥር ነው። ከታች ያለው ግቢ ሰው እንዳያይ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ይህኛው ለማየት የተሠራ ነው። የመልክዐ ምድር ታሪክ የሚሉት ነገር ለኔ መጻሕፍት ውስጥ ሳይሆን እዚያ መስኮት ሥር ገባኝ። ባዶ መስኮት ነው፤ የመስኮቱ ምርጫ ግን የአንዲት ሴት ምርጫ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ የተቀመጠው እዚሁ ቁስቋም ነው። ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች እያስታመመ ነበር። የዕፅዋት ሥዕልና ዘር ሰብሳቢም ነበረና፣ ተቅማጥ ይዞት የዳነበትን ዋጊኖስን ዘሩን ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ የሳይንሱ ዓለም ተክሉን በእሱ ስም «ብሩሲያ» አለው። ስለ ኮሶም ጽፏል። ዋጊኖስን ለብሩስ ያሳየው ሰው ማን ነበር? መድኃኒቱን የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ስሙ የተክሉ ስም ሊሆን ይችል ነበር። መምህራችን ቅጥሩ ላይ ዋጊኖስ ፈልጎ ሳያገኝ ቀረ፤ በኋላ እየወረድን ሳለ ከመንገዱ ዳር አገኘሁት ብሎ ጮኸ። ቀረብ ብሎ ሲያየው ሌላ ቁጥቋጦ ሆነበት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተናገረም።

ታኅሣሥ 13፣ በመንገድ

ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናችን አዲስ ዘመንን ሳታልፍ ጎማ ስላፈነዳች ያላሰብነውን ነገር አየን። ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር ሜዳውን አቋርጠን አንድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ዙሪያው ሁሉ የታረሰ ነው፤ ጤፉ ታጭዶ ቃርሚያው ቀርቷል። መሐሉ ላይ ክብ ደን። ከሩቅ የከብት መንጋ የተኛ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛ። ከውስጡ ወፉ ይንጫጫል፤ ከውጭ ዝም ነው።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እንዲህ ያሉትን የደቡብ ጎንደር ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል። በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል፤ የሚበዙት አገር በቀል ናቸው። በኋላም ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነው፣ ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይበላ ምእመናኑ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲክቡ ሠርተዋል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ይለቀማል፤ ማሳውም ይጸዳል፣ ደኑም ይታጠራል። እኛ ያየነው ካብ አልነበረውም። ጠርዙ ላይ ከብቱ የበላው የችግኝ ግንድ እንደ ተላጨ ጢም ቆሟል። አርክቴክቷ «አላልኳችሁም?» አለች፤ አጸድ ማለት አጥር ነው ማለቷ ነው። አሁን ቀልድ አልመሰለኝም።

ወረታ ላይ የጾም ሽሮ በላን። እዚህ የምጽፈው ሌላ ነገር የለም።

ጣና፣ ታኅሣሥ 14

ለገብርኤል ንግሥ አምስት ቀን ቀርቶት ክብራን ገብርኤል ደጅ ደረስን። ደጅ ደረስን ማለቴ ወንዶቹ ወጡ፤ እኔና አርክቴክቷ ጀልባው ላይ ቀረን። ሴት አይገባም። «እህቶቼ፣ እናንተ ከኔ ጋር ናችሁ» አለ ባለ ጀልባው፣ እንደ ማጽናናት። አጠገቡ ባለው በእንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶች መነኮሳት አሉ።

ብከፋም ጠቀመኝ። ወደ ውስጥ የገባ ሰው የሚያየው ቤተ ክርስቲያኑንና መጽሐፉን ነው። ከውኃው ላይ የሚታየው ደሴቱ ሙሉው ነው፤ ከውኃው ጫፍ እስከ ኮረብታው አናት ያልተነካ ዛፍ። እንዲህ ያለው ደን ያለ ክልከላ እንደማይገኝ ከዚያ ሆኜ አሰብኩ። ሴት መከልከሉን ወደድኩት ማለቴ አይደለም፤ አልወደድኩትም። ግን መጥረቢያ አይገባም የሚለውና ሴት አትገባም የሚለው ቃል ከአንድ አፍ እንደሚወጣ ከጀልባው ላይ በደንብ ይታያል።

ከዚያ ወደ ዘጌ።

ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ናት፤ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ነው፤ ግራና ቀኙ ቡና ነው። ማሳ ላይ በመስመር የተደረደረ ቡና እንዳይመስላችሁ፤ ጫካ ውስጥ የበቀለ ቡና ነው። ከላይ ትልልቆቹ ዛፎች ጣሪያ ሠርተዋል፤ ከሥራቸው ቡናው ቀልቷል፤ ከቡናው መካከል ጌሾ፣ እዚህም እዚያም ሎሚ። ዛፉ ለቡናው ጥላ ነው፤ ቅጠሉ ረግፎ መሬቱን ይመግባል፤ ሥሩ ቁልቁለቱን ይይዛል። አትክልት ነው? ደን ነው? ሁለቱም ነው፤ እኔ አጸድ እለዋለሁ።

አንድ መሪጌታ ታሪኩን ነገሩን፤ ዘጌ ውስጥ ሕፃኑም ይነግራችኋል። አቡነ በትረ ማርያም ወደዚህ በመጡ ጊዜ በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉት፤ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ። ቃል ኪዳንም ተሰጣቸው፤ የዘጌ ሰው ሳያርስ ይኖራል። ስለዚህ ዘጌ ውስጥ ሞፈር አይገባም፤ በሬም አይገባም። እህሉ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ በቡናውና በጌሾው ይገዛል።

«አባ፣ ቢያርሱስ?» አልኳቸው።

«ግዝት ነዋ» አሉ፤ ሌላ መልስ ያስፈልገዋል ብለው አላሰቡም።

አንድ ነገር እየከነከነኝ ወረድኩ። በሰሜኑ ደጋ ክርስቲያኑ ቡናን የሙስሊም መጠጥ ነው ብሎ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ ይርቀው እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ታዲያ ቡናን ተክሎ ያቆየው እንዴት ገዳም ሆነ? እኔ እንደሚገባኝ ሰው የማይጠጣውን ተክል ተክሎ ለሚጠጣው ሊሸጥ ይችላል። ታሪኩ ለንግዱ በረከት ሰጠው፤ ንግዱም ለታሪኩ ዕድሜ ሰጠው።

ዘጌ፣ ታኅሣሥ 15

ትናንት ማታ ያደርንበት ቤት እናት ቡና አፈሉልን፤ ከደጃቸው የተለቀመ ነው። ጨዋታው ሞቅ ሲል ጥያቄዬን ጣልኩ። ይህን ሁሉ ቡና በድሮ ጊዜ ማን ይለቅመው ነበር? እማማ ጀበናውን ወደ ምድጃው መለሱና «ሰው ነዋ ልጄ» አሉ። ቀጥሎም ዝም። ጥያቄዬ ቡናውን አቀዘቀዘው።

መልሱን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ቶም ቦይልስተን ዘጌ ውስጥ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ጥናት፣ ይህ የቡና ደን በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት ጭምር እንደለማ፣ የዘራቸውም ነገር እስከ ዛሬ በሰው መካከል እንደሚንሾካሾክ ጽፏል። ይህን ለምን አነሣሁት? ቅዱሱን ለማሳነስ አይደለም። አስጎብኚዎቻችን ሁሉ ንጉሡን ያውቃሉ፣ ቅዱሱን ያውቃሉ፤ ቦዩን የቆፈረውን፣ ቡናውን የለቀመውን፣ ችግኙን በቢላዋ የሚነቅለውን ግን አያነሡም። ግዝቱ ደኑን አቆየው፤ ያለሙት ግን እጆች ናቸው፤ ከነዚያ እጆች ብዙዎቹ ተገደው ነበር። ዘጌን ውብ ነው ብሎ ይህን መተው ግማሽ ወሬ ነው።

እማማ ሲሸኙን አንድ ፌስታል ሎሚ አሲያዙኝ፤ ተቀይመውኝ አልነበረም መሰለኝ። ወይም ተቀይመውም ሰጡኝ፤ በዚህ አገር እሱም ያለ ነው።

ጀልባችን ሲነሣ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ የጫኑ ታንኳዎች ከጎናችን ይቀዝፉ ነበር፤ ሦስት ቆጠርኩ። ከደንገል የተሠሩ ናቸው፤ እንጨቱ ከቀዛፊው ራስ በላይ ተከምሯል። ደረቅ እንጨት ነው አለ ባለ ጀልባው። አንደኛው ላይ ያለው እርጥብ ነበር፤ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ቀዛፊው ግን ዛሬ ማታ ለልጆቹ ጤፍ መግዛት አለበት፤ ሞፈር በማይገባበት አገር ጤፍ የሚገኘው በገንዘብ ብቻ ነው።

አንባቢዬ፣ ጎንደር ከሄድክ በታኅሣሥ ሂድ፤ ገንዳው ሳይሞላ ሥሮቹን እስከ መሬት ታያቸዋለህ። ዘበኛው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ናቸው፤ መጀመሪያ ስለ ፋሲል ሳይሆን ስለ ቢላዋቸው ጠይቃቸው። ዘጌ ከሄድክ ደግሞ ቡናውን ከለቀመው ሰው እጅ ግዛው።